«ሙሽሪት በውክልና» በሪያድ

ሰኔ 20 ቀን 2007፣ ነሲም ሰፈር

ጀራዲያ ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ። ለዒድ ቲያትር አሳየን ብለው የለመኑኝ እዚያ ሰፈር ተጠጋግተው የሚኖሩት የወሎ ልጆች ናቸው፤ ለልምምድ ስጠራቸው ግን ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ያቺ ክፍል የካልሲና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አላት። መስኮቱ ላይ እርጥብ ሱሪ ተሰጥቶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እስክወጣ ድረስ በአፌ ነው የተነፈስኩት። ጾም ባይሆን እንኳ እዚያ ቤት እህል የሚወርድልኝ አይመስለኝም።

የምንሠራው «ሙሽሪት በውክልና»ን ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም፤ ደሴ የባህል አዳራሽ መጋረጃ ሳቢ ሆኜ ስሠራ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው። እንግሊዞች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የጻፉት የሰርግ ቧልት ነው። አንድ ሽማግሌ አጎት ወላጅ የሌላትን የወንድሙን ልጅ ለጠየቀው ሁሉ «እሺ» እያለ ለሦስት ሰው ይሰጣታል፤ በሰርጉ ቀን ሦስቱም ሙሽሮች በር ላይ ይገናኛሉ። ሰው በሳቅ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። በዕድሜ የሚሆን ሌላ ሰው ስለጠፋ አጎትየውን እኔው ልሠራው ነው። ይህን ሽማግሌ ድሮም አልወደውም። ሁሉን ደስ ላሰኝ የሚል ልፍስፍስ ሰው ያንገሸግሸኛል።

ስመለስ ናጃት በወጥ ቤቱ በር ሳህኔን አቀበለችኝ። ታናሽ እህቴ ናት፤ እኔ የዚህ ቤት ሾፌር ነኝ፣ እሷ የቤት ሠራተኛ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ኃላፊነቷ የእኔ ነው። ውሏ አልቋል፤ ለአረፋ አገሯ መግባት ትፈልጋለች። ማዳምን ስለ ኹሩጇ፣ ስለ መውጫ ቪዛዋ ማለቴ ነው፣ እንዳናግርላት ጠየቀችኝ። ከዒድ በኋላ አልኳት።

ሰኔ 23

በችኮላ። ማዳምን ገበያ አድርሼ እየጠበቅኩ ነው። መኪናው ውስጥ የዕጣን፣ የሳምቡሳና የሕፃን ትውከት ሽታ ተቀላቅሎ ይጨሳል።

ስንመጣ ከኋላ ወንበር ሆና፣ ናጃት አንድ ዓመት ትጨምርልኝ፣ አንተ ወንድሟ ነህ፣ ቃልህን ስጠኝ አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኳት። ምን ልበላት? በጾም ቀን፣ በዚህ ሙቀት፣ መንገድ ተዘግቶ ከሴትዮ ጋር ልከራከር?

ሰኔ 26፣ ዓርብ

ሙሽሪቷን አራጋው ይሠራታል። የወልዲያ ልጅ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ የለውም፤ የግንባታ ሥራ ሲገኝ ይሠራል፣ ሳይገኝ ይተኛል። ሴት መድረክ ላይ ማውጣት እዚህ አገር የማይታሰብ ነው፤ ወንድና ሴት ተሰብስበን ብንያዝ ሁላችንም በአንድ አውሮፕላን ነው የምንሸኘው። አራጋው አጭርና ቀጭን ስለሆነ ዓባያ ለብሶ ፊቱን ሲሸፍን ማንም አይለየውም። ችግሩ ድምፁ ነው። አፉን ከከፈተ ጎረምሳ ነው፤ ላቅጥነው ሲል ደግሞ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ይሆናል። ስለዚህ የሙሽሪቷን ቃል አወጣሁት። መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ንግግር ናት፣ ብዙ አልጎደለም።

አራጋው ቅር አለው። ታዲያ እኔ ምን ልሥራ ብሎ ጠየቀኝ። ቁም አልኩት።

የሰርጉንም ትዕይንት ቀይሬዋለሁ። ተመልካቹ የእኛው የወሎ ሰው ስለሆነ በቄሱ ፋንታ ኒካህ አደረግኩት። አጎት «ዳርኩህ» ይላል፣ ሙሽራው «ተቀበልኩ» ይላል፣ አለቀ። ለኒካህ ሙሽሪቷ ቦታው ላይ መገኘት የለባትም፤ ሥራ አቀለለልኝ።

መርዋንን በመኪና ሸኘሁት። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ እኛ ዘንድ መጋረጃውን ይስባል። መንገድ ላይ አቀርቅሮ ናጃትን ለትዳር ጠየቀኝ። አምና የማዳምን መታጠቢያ ቤት ሲያነጥፍ አይቷት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፍሩ ውስጥ ሁልጊዜ ሲሚንቶ አለ እንጂ። ኢንሻአላህ አልኩት። ደስ ብሎት እጄን ሳመኝ፤ ምራቁ እጄ ላይ ቀርቶ ቀፈፈኝና ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

ለናጃት ነገርኳት። ሩዝ እያጠበች ነበር፤ ምንም አላለችም። በእኛ ዘንድ የልጃገረድ ዝምታ እንደ እሺታ ነው የሚቆጠረው። ውሃውን ደፋችና ኹሩጄን ነገርካት ወይ አለችኝ። ከዒድ በኋላ ብዬሽ የለ እንዴ?

ሰኔ 29

ጀላል ያስጠላኛል። ጂብስ ሠራተኛ ነው፤ ፀጉሩን በዘይት አጥቦት ይመጣል፤ ሲዋክ፣ የጥርስ መፋቂያ፣ እያኘከ ጭራሮውን እግሬ ስር ይተፋል። ያናደደኝ ግን ከሁሉም የሚሻል ተዋናይ መሆኑ ነው። ሦስተኛውን ሙሽራ እሱ ይሠራል። ሳቅ የሚመጣው እሱ ሲገባ ነው።

ዛሬ አብረን እናፍጥር ብሎ ያዘኝ። እጁን ሳይታጠብ ሥጋውን ቆርሶ ወደ እኔ ገፋው። አገር ቤት ብትሆን ስምህ የት በደረሰ፣ እዚህ የሰው መኪና እየነዳህ ቀረህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይህን ያለኝ ሰው ስንት ዘመኑ። ከዚያ ናጃትን ጠየቀኝ። ሰው ምግብ አቅርቦልህ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። ኢንሻአላህ አልኩ። ዒድ ሲያልፍ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ፤ ለመርዋን ቃል እንደሰጠሁ እነግረዋለሁ። ሥጋው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ሐምሌ 3

ከትርኢቱ በፊት ስለ ተውኔቱ የመድረክ ታሪክ ትንሽ ልናገር አስቤያለሁ። ባይገባቸውም ይስሙ። ቲያትር ማለት መዝለልና መውደቅ ብቻ የሚመስለው ሁሉ።

የደሴው አዘጋጃችን እንደነገሩን፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ለንደን ላይ መጀመሪያ ሲወጣ ሙሽሪቷ መጨረሻው ላይ ቄሱ ሲጠይቃት አንድ ገጽ ሙሉ ትናገር ነበር። አንዳንድ ባሎች ሚስቶቻቸውን እየጎተቱ ከአዳራሹ ወጡ አሉ። በማግስቱ ንግግሯ አጠረ። በጃንሆይ ጊዜ አንድ አስተማሪ ወደ አማርኛ መልሰውት ለትምህርት ቤት መዝጊያ ወንዶች ተማሪዎች ሠሩት፤ ሙሽሪት የሆነው ልጅ መሸምደድ ስላቃተው ግማሹ ቀረ። በደርግ ጊዜ አጎትየው ባላባት ተደረገና ሙሽሪቷ በንግግሯ ፋንታ መፈክር አሰምታ ትወጣ ጀመር። እኛ ደሴ ላይ ስንሠራው ወርቅነሽ የምትባል ተዋናይ ነበረችን። አዘጋጁ ቆርጠው ቆርጠው አንድ ንግግር ሲቀራት፣ ይህችን ከነካችሁ መድረክ አልወጣም ብላ አፈር ላይ ተቀመጠች። «እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ እስካሁን ያገባሁት ሰው የለም» የምትለው ናት። ከዚያ አጎትየው የሆነ ነገር ይመልስላትና መጋረጃ ይዘጋል።

እኔ ደግሞ ይህችኑ አወጣሁ። ታሪኩን ስጽፈው አንድ አቅጣጫ የያዘ ይመስላል። ምን ይደረግ፣ ሁሉም በጊዜው ምክንያት ነበረው።

ናጃትን ሕፃን ሆና ደሴ አዳራሹ ውስጥ ከመጋረጃው ገመድ አጠገብ አስቀምጫት ታየው ነበር። ምኑን ታስታውሻለሽ አልኳት። ያቺ ሴትዮ ስትናገር ሰው ሁሉ መሳቁን ማቆሙን አለችኝ። እዚህ አውጥቼዋለሁ አልኳት።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለችኝ።

«ሳቁ» አልኳት።

ሳህኑን ተቀብላኝ በሩን ዘጋች።

ሐምሌ 9

ነገ ዒድ። መጋረጃ፦ ሁለት አንሶላ፣ አንዱ ላይ የቡና ይሁን የሌላ ነገር ቡኒ እድፍ አለበት፣ አልጠየቅኩም። የሙሽሪት ስም «ዘቢባ»፤ አትርሳ። ማዳም ልጆቹን ልብስ ልታስለካ አራተኛ ሱቅ። አራጋው ፖሊስ ፈርቶ እንዳይቀር፣ ራሴ ላምጣው። ዘቢባ። ዘቢባ።

ሐምሌ 12

ትናንት የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ከከተማ ወጣ ብሎ ኢስቲራሓ ተከራይተን ነበር፤ ለበዓል የሚከራይ አጥር ግቢ ነው። ወንዶች ብቻ። ሰዉ እስከ አጥሩ ድረስ ሞልቷል። በግ ታርዶ ስለነበር ምንጣፉ በሞራ ጨቅይቷል፤ ዝንቡ፣ ላቡ፣ ሽቶው፤ በዚያ ላይ አንዱ ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ የእግሩን ቆዳ ይልጣል። ታሪኩን መናገር ጀመርኩ፤ ለንደን ሳልደርስ «ያላ፣ ቲያትሩን አሳየን» እያሉ አስቆሙኝ።

ተውኔቱ ግን ሰዉን ያዘ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲስቁ ነበር ብል አላጋነንኩም። ኒካሁ ላይ ስንደርስ ጀላል ከራሱ አመጣ። ምስክር የሌለው ኒካህ የለም ብሎ ከተመልካቹ መሐል ጢማቸውን ሂና የቀቡ ሁለት ሽማግሌዎች አስነሣ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የብር ቀለበቱን አውልቆ፣ ጥሎሿ፣ መህሯ ይኸው ብሎ ጣቴ ላይ ሰካው። ከዚያ እጄን ጨብጦ «ስሟን ከነአባቷ ጥራልኝ» አለኝ። ጽሑፉ ላይ የአባት ስም የለም። ስሟም ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ፣ ሰዉም ዝም አለ፤ ያንን ዝምታ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እህቴን ናጃት ሰይድን ዳርኩህ» አልኩ።

ለምን የሷ ስም እንደመጣ አላውቅም። ሙቀቱ ነው። የሚያውቁን ሰዎች ከሳቃቸው ብዛት ተገለበጡ። ሳቁ ሲመጣ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም ያልኩ ይመስለኛል። ጀላል በእያንዳንዱ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበልኩ» አለ።

መጋረጃው ሲዘጋ አራጋው ከሽፋኑ ስር ሆኖ፣ ጋሽ ዩሱፍ ምን አደረግክ አለኝ። ከምስክሮቹ አንደኛው ሽማግሌ መጡና እጄን ይዘው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ቲያትር እኮ ነው አባባ አልኳቸው። ሳቅ የለም ፊታቸው ላይ። ኒካህ በቀልድም ምር ነው፣ ነብያችን ብለዋል፤ አንተ ወሊዋ፣ ዳሪዋ ነህ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርተሃል፣ እኛም ሰምተናል አሉኝ።

ቀለበቱ አልወልቅ ብሏል። ጣቴ አብጧል።

ሐምሌ 13

ጀላል ጣፋጭ በካርቶን ይዞ እዚህ መጣ። እኔ ማዳምን ይዤ ወጥቼ ነበር። የግቢውን በር የከፈተችለት ናጃት ናት። «ባለቤቴ፣ እንደምን አደርሽ» አላት።

ካርቶኑን ተቀብላ አልጋዬ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ማታ በወጥ ቤቱ በር ሁሉንም አስረዳኋት፤ ሙቀቱን፣ መርሳቴን፣ የሽማግሌዎቹን ድንቁርና። አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሰችልኝ፤ ያመጣልህን ብላ አለች።

ጣፋጩ በስኳር ውሃ የተነከረ ነው፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። ሁለት በላሁ። ቀሪው ላይ ጉንዳን ወጣበት፣ ጣልኩት።

ሐምሌ 16

መርዋን ስልኬን አያነሣም። በመጨረሻ ሥራው ቦታ ድረስ ሄድኩ። ተንበርክኮ ሴራሚክ ይለጥፋል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። የሰው ሚስት አልመኝም አለኝ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ገመዱን ይዤ ቆሜ ነበር እኮ አለ። እንግዲያው ያኔ መጋረጃውን ብትዘጋው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አልኩት። ሌላ ሴራሚክ አነሣ። ደረቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ለናጃትስ ምን ይሆናታል?

ቀለበቱን በዘይት ሞከርኩ። አልወጣም። ስሩ ላይ ላብ ተጠራቅሞ ይሸታል።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ጀራዲያ ተሰብስበን መከርን። መጨረሻው ቀላል ሆነ። ጀላል ፈቃደኛ ከሆነ ይፈታታል፣ አብረው ስላልኖሩ ዒዳ፣ የፈት ሴት መቆያ ጊዜ፣ መቁጠር አያስፈልጋትም፣ በማግስቱ መርዋን ያገባታል። መርዋንም ከፈታት እሺ አለ። ሁሉም ተነፈሰ። ጀላል ግን ሰዉ እስኪለምነው ጠበቀ። ሲለምኑት ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለአላህ ብዬ እፈታታለሁ፣ ለአረፋ በዓል ስንሰበሰብ በሰው ፊት እፈታታለሁ አለ። አጨበጨቡለት። መድረክ ላይ ይህን ያህል አላጨበጨቡልኝም።

አራጋው ከጥግ ሆኖ፣ ያላገባትን እንዴት ነው የሚፈታት ብሎ ጠየቀ። አንተ ክርስቲያን ነህ፣ አይገባህም አሉት። መስኮቱ ላይ ወደተሰጡት ሱሪዎች ዞረ።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ምን ላድርግ?

ሐምሌ 25

ናጃት እምቢ አለች።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር የነገርኳት። ድስት እየፈተገች ነበር፤ ፍትጓዋን አቆመች።

«ከፈታኝ አግብቶኝ ነበር ማለት ነው» አለች። «የግቢ በር ለከፈትኩለት ሰው ፈት አልባልም።»

በአንድ ቃል የሚያልቀውን ነገር ለምን ታወሳስቢዋለሽ አልኳት። ስንት ሰው ደክሞልሻል፣ ስንት ሰው ተሰብስቦልሻል አልኳት። ተሰብሳቢዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራችና፣ ከነዚህ ውስጥ የኔን ስልክ ቁጥር የማያውቅ ማነው አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ድርቅናዋ አባታችንን ነው።

ነሐሴ 3

ሙቀቱ አላስተኛኝም። የክፍሌ ማቀዝቀዣ ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ባልዲው ይሸታል።

ጀራዲያ ሰው «አማችህ ደህና ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ባቄላ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ። ማዳም ደግሞ የናጃትን ኢቃማ ለማሳደስ ፎቶ አምጣ አለችኝ። ናጃት አረፋ ስንት ሳምንት እንደቀረው ትጠይቀኛለች። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። በዚህ ክረምት ማንንም ሰው አላስቀየምኩም፤ ሁሉም ግን ተቀይሞኛል።

ነሐሴ 9

ናጃት፣ ሸህ አብዱልከሪምን ጠይቅልኝ፣ ካልጠየቅክ ራሴ እደውላለሁ አለችኝ። ሸሁ የአገራችን ሰው ናቸው፤ ዑረይጃ ሰፈር ልጆች ያስቀራሉ። አልወደድኩትም። ነገሩ ሸህ ዘንድ ከደረሰ ወሬው ደሴ ይደርሳል። ቢሆንም ደወልኩላቸው።

ነሐሴ 15፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ማዳምና ልጆቹ በልተው ሲተኙ ሸሁን፣ ጀላልንና መርዋንን በጓሮ በር ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። ማዳም ብትነቃ ሥራዬ ያበቃል። አልጋው ላይ አራታችን ተደርድረን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ይነካካል፣ የጀላል የፀጉር ዘይት ትራሴን ነክቶታል። ናጃት ገርበብ ካለው በር ውጭ ቆመች። ጥላዋ ብቻ ይታያል።

ሸሁ መጀመሪያ ምስክሮቹን፣ ቀጥሎ ቀለበቱን ጠየቁ። ጣቴን አሳየኋቸው። ጀላል በደንብ ተናገረ፤ እኔ ከተውኔቱ ብቻ ተነሥቼ አይደለም፣ በጾሙ ቤቴ አፍጥሮ ጠይቄው ኢንሻአላህ ብሎኛል አለ። መርዋን ቀና አለ። «ለእኔም ኢንሻአላህ ብሎኛል» አለ። ሁለቱ ተያዩ። ሸሁ እኔን አላዩኝም፣ ባልዲውን ነው ያዩት።

ኢንሻአላህ ቃል ኪዳን አይደለም፣ ሰው ላለማስቀየም ነው አልኳቸው።

«እሷን ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

ዝም ብላለች አልኩ። የመርዋንን ነግሬያት ዝም ብላለች። የጀላልን አልነገርኳትም። ቲያትሩ ደግሞ ቲያትር ነው።

ሸሁ ወደ በሩ ዞረው፣ ልጄ፣ ወንድምሽ ለዚህ ሰው ሲድርሽ ፈቅደሽ ነበር ወይ አሏት። ማቀዝቀዣው ተንጠባጠበ። አሁንም ዝም የምትል መስሎኝ ነበር።

«እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። «ስለዚህ እስካሁን ያገባሁት ሰው የለም።»

ከወርቅነሽ ድምፅ ያነሰ ነበር፣ ግን አንድም ቃል አልተዛነፈም። ጀላል ሊስቅ ብሎ ተወው።

ሸሁ «ኸላስ» አሉ። ቀልድ ምር የሚሆነው ባለጉዳይዋ ራሷ ስትፈቅድ ነው፤ ያልፈቀደች ሴት ኒካህ የላትም፣ ኒካህ ከሌለ ፍቺም የለም አሉ። ጀላል ቀለበቴን ብሎ እጁን ዘረጋ። ስጎትተው ቆዳዬ ተላጠ። በበሩ ክፍተት የናጃት እጅ የሳህን ሳሙና አቀበለኝ፤ ጠርሙሱን አስቀድማ ይዛው ነበር የመጣችው። ወጣ። ጀላል አረፋውን ሸሚዙ ላይ ጠርጎ አጠለቀውና ሳይሰናበት ሄደ።

ደስ አለኝ። እንግዲያው ሸሃችን፣ የመርዋንን አሁኑኑ እንጨርሰው አልኳቸው። መርዋንም ጉሮሮውን ጠረገ። ሸሁ በእጃቸው አስቆሙኝና እሷን ጠየቋት።

«መርዋን ጨዋ ነው» አለች። «ግን ገመድ ይዞ ያየውን አመነ እንጂ ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እሱንም አላገባም።»

መርዋን ጥፍሮቹን ያይ ጀመር።

«ጋሼ» አለችኝ ከበሩ ኋላ። «ለማዳምም አንድ ዓመት ትቆያለች ብለሃታል። ነግራኛለች። ለሦስት ሰው ሰጠኸኝ።»

ሸሁ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። በመኪና ቤታቸው አደረስኳቸው። ስመለስ ከትራሴ ላይ የጀላልን ዘይት አጠብኩ። አልለቀቀም።

ነሐሴ 17

ናጃት ራሷ ማዳምን አናገረች። እኔን አላስጠራችም። በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዋ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ማዳም ተቆጥታ ተቆጥታ ኹሩጇን ልታወጣላት ተስማማች። በማግስቱ መኪና ውስጥ፣ አንተ ግን ኢንሻአላህ ብለኸኝ ነበር አለችኝ። መስታወቱ ላይ ዓይኗን አየሁና ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከነበረ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ምን አስፈራኝ? አስጠላኝ፤ ማን እንዳስጠላኝ አላውቅም።

ጳጉሜን 4

አየር ማረፊያ አደረስኳት። ሻንጣዋን በፕላስቲክ አስጠቀለልኩላት። መንገድ ሙሉ እኔ ነበርኩ የምናገረው፤ ለእነማን ሰላም እንደምትል፣ ማንን እንደምታምንና እንደማታምን፣ ቤቱን እንዴት እንደምታደርግ። ሰልፉ ውስጥ ስትገባ «ደህና ሁን ጋሼ» አለችኝ። ዞራ እጇን አወዛወዘችልኝ። ወደ መኪናው ስመለስ የሳህን ሳሙና ሽታ እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

መስከረም 7 ቀን 2008

ለአረፋ ድገሙልን አሉ። ጀላል የለም፣ ጅዳ ሄዷል፤ በሱ ቦታ ሌላ አስገባሁ። አራጋውን ጠርቼ የሙሽሪቷን ቃል ጻፍኩለት። ድምፄስ አለኝ። ድምፅህን ተወው፣ በራስህ ድምፅ በለው አልኩት። የደሴውን መጨረሻ ከሥሩ አስታውሼ ጻፍኩት፤ እሷ ተናግራ ስትጨርስ የአጎትየው ቃል አለ፣ አንድ ጥያቄ ናት፣ ከዚያ መጋረጃ።

መስከረም 14

ትናንት አሳየን። ያው ግቢ፣ ያው ሞራ፣ ያው ዝንብ። ሦስቱ ሙሽሮች በር ላይ ሲገናኙ እንደ በፊቱ ሳቁ። በዚህኛው ዙር አጎትየውን ስሠራው አልተቸገርኩም፤ ሰዎች መጥተው ምን ነካህ፣ ዛሬ ልክ እሱን ሆንክ አሉኝ።

መጨረሻ ላይ አራጋው በዚያ ወፍራም የወልዲያ ድምፁ ተናገረ። ይስቁበታል ብዬ ነበር። የእግሩን ቆዳ የሚልጠው ሰውዬ እጁን ሰበሰበ። ሂና የቀቡት ሽማግሌ መሬት መሬት አዩ። ሳቅ የሚባል ነገር አልተሰማም።

ቀጥሎ የእኔ ቃል ነበር። ጠፋኝ። ራሴ የጻፍኩት፣ ለዓመታት ከገመዱ አጠገብ ሆኜ በየምሽቱ የሰማሁት ቃል ጠፋኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ መርዋን ገመዱን ይዞ ይጠብቀኛል፣ ሰዉም ይጠብቀኛል። አራጋው ከሽፋኑ ስር በቀስታ አቀበለኝ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ በላት» አለኝ።

አልኩ። መርዋን መጋረጃውን ሳበው። ናጃት ደሴ ከገባች ሰንብታለች።